ቤት የሚሸከመው ግመል

ሰመራ ላይ ከቀትር በኋላ ቁጭ ብሎ የሚያስብ ሰው ካያችሁ፣ ወይ እንግዳ ነው ወይ ጥፋት አለበት። ጤነኛውማ በዚያ ሰዓት ወለሉ ላይ ውኃ ረጭቶ ተጋድሟል። እኔ እንግዳ አይደለሁም። እዚህ ባዮሎጂ ሳስተምር አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ሌላውን እናንተ ድረሱበት።

ጥፋቴ ወንድሜ ነው። ሰኢድ ልበለው፤ ስሙን ቀይሬዋለሁ። ያኔ ያልጠበቅሁትን አሁን በስሙ እንኳ ልጠብቀው። እዚሁ ጎረቤት ሎጊያ ከተማ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር። ባለቤቴ ጂቡቲ መስመር ላይ መኪናው ተገልብጦ ሲሞትብኝ ልጄ ሐያት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። እኔ ክረምት ክረምት ለዲግሪዬ ስሄድ የያዛት እሱ ነው። በግሪስ በጠቆረ እጁ ሹሩባ ይሠራላታል። ሹሩባው የባትሪ ገመድ ይመስላል። ግን አይፈታም።

ታዲያ እኔ ውለታ መላሿ ምን አደረግሁ? ሚስት ፈለግሁለት። የባቲ ልጅ፣ ቆንጆ፣ ጨዋ። ሽማግሌ ልልክ ስል እጄን ያዘና፣ «እታለም፣ የሰው ልጅ አትበድዪ። የእኔ ልብ ወደ ሴት ሄዶ አያውቅም። ወደ ወንድ ነው» አለኝ። ምን አልኩት መሰላችሁ? «ልጄ ካለችበት ቤት ውጣ!» ራሱ ያሳደጋት ልጅ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እንደ ሌላው ቀን ጀሪካኑን ውኃ ሞልቶ ኩሽና አስቀመጠና ወጣ። ሦስት ዓመት ሆነው። አዋሽ አርባ ነው አሉኝ።

ዘንድሮ ሐያት ልትዳር ሆነ። «አጎቴ ካልመጣ ኒካሕ የሚባል የለም» አለች። ቁርጥ።

የባዮሎጂ መምህር ሲጨንቃት ምን ታደርጋለች? ታነባለች። የዝግመተ ለውጥን ምዕራፍ በየዓመቱ ፈተና ሲቃረብ አደርሰውና እሮጥበታለሁ፤ ከወላጅም ከተማሪም ላለመጣላት። አሁን ግን ተቀምጬ አነበብኩ። ጥያቄው ቀላል ነው። ወንድ የሚወድ ወንድ፣ ሴት የምትወድ ሴት ብዙ ካልወለዱ፣ ነገሩ በየዘመኑ እየመነመነ ለምን አልጠፋም? አንዱ ተመራማሪ፣ የእህትና የወንድም ልጅ ስለሚያሳድጉ ይሆናል፣ ዘራቸው በዚያ በኩል ይሻገራል ይላል። ሌላው፣ ወንዱን እንዲህ የሚያደርገው ውርስ እህቱ ላይ ሲሆን ብዙ ያስወልድ ይሆናል ይላል። (እኔ የወለድኩት አንድ ነው፤ ይህኛው እኛ ቤት አልሠራም።) ሦስተኛው፣ ሁሉ ነገር ጥቅም ሊኖረው የግድ አይደለም ይላል። አልተስማሙም። እኔ የመጀመሪያውን ይዤ አለቀስኩ። ሹሩባው ትዝ ብሎኝ።

የአዋሽ መኪና ተሳፈርኩ። መቼም ያንን መንገድ ታውቁታላችሁ። ሙቀቱ ዓይን ይከድናል። ከፊት አስፋልቱ ላይ ውኃ ተኝቷል፤ ስትደርሱ የለም። ግመሎች በዚያ በሌለ ውኃ ላይ ይራመዳሉ፣ እግራቸው አይታይም። አንዱ የጎጆውን ቆልማማ እንጨትና ሰሌን ሁሉ ተሸክሟል። ቤቱ ራሱ በአየር ላይ የሚሄድ ይመስላል። ተኝቼ ይሁን ነቅቼ እንጃ፣ ግመሉ ሹሩባ ነበረው።

አጠገቤ የተቀመጡ የአፋር አባት፣ «ቤት የሚሸከመው የትኛው ግመል እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላወቅሁም። «የተኮላሸው ነዋ! ኮርማው ሐሳቡ ሴት ጋ ነው። እሱን አምኖ ማን ቤት ይጭናል?» አሉና ሳቁ። እኔ ደግሞ፣ ተመራማሪዎቹ ያጡትን አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ደስታ እንደዚያ ያለ ሞኝ ነው።

ሰኢድን አንገቱን የመኪና ሞተር ውስጥ ቀብሮ አገኘሁት። የሐያትን ኒካሕ ነገርኩትና ይቅርታዬን በሳይንስ ጀመርኩ። አጎት፣ ዘር፣ ግመሉ፣ ሁሉንም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝ።

«እታለም፣ ሦስት ዓመት አስበሽ አስበሽ የተኮላሸ ግመል አደረግሽኝ?»

«አይ፣ ማለቴ... ለቤታችን የጠቀምከውን...»

«ሐያትን ባላሳድግስ? ምንም ባልጠቅምሽስ? ወንድምሽ አልነበርኩም?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳይንሱም ግመሉም ከአፌ ጠፋ። «በድዬሃለሁ፣ አፉ በለኝ» ብቻ ቀረኝ።

ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለና፣ «እመጣለሁ» አለ። «ግን ድንኳን አልተክልም፣ ድስት አላወርድም፣ ጄኔሬተር አልጠግንም። እንዲሁ አጎት ሆኜ ቁጭ ነው የምለው።»

«ወላሂ አንዲት ነገር አታነሣም!» ብዬ ማልኩ።

በኒካሑ ዕለት ጠዋት መጣ። ሐያት አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እኔም እንባዬን በሻሼ እየጠረግሁ ሄድኩና፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በቤቴ በር ላይ የመጀመሪያ ቃሌ ምን ሆነ መሰላችሁ?

«ሰኢዶ፣ እስቲ ያንን ጀሪካን ወደ ኩሽና አስገባልኝ።»

ጀሪካኑን አየው። እኔን አየኝ። ከዚያ ወንበር ሳበና እግሩን አጣምሮ ተቀመጠ።

ራሴ ተሸከምኩት። ለካ ይከብዳል።