ወይዘሮ እልፍነሽ ቀብር ሲመዝኑ

ቀብር መርማሪ የሌለው ሰፈር የለም። ሌላው ሰው ለቅሶ የሚሄደው ሊያለቅስ ነው፤ መርማሪው ግን ጎደሎ ሊለቅም ይሄዳል። በጀጎል ግንብ ፈላና በር ላይ ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት፣ ማንም ሳይሾማቸው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተሸከሙት ክብርት ወይዘሮ እልፍነሽ ነበሩ።

ክብርትነታቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ድንኳን ሲገቡ የእድሩ ሰብሳቢ ሳይቀሩ ቀበቷቸውን ያስተካክላሉ። ንፍሮው ጥሬ መሆኑን በመጀመሪያዋ ፍሬ ያውቃሉ። የድንኳኑ ገመድ ከረገበ ያስወጥራሉ። አንድ ጊዜ የሟች ወንድም የሕይወት ታሪክ ሲያነብ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት፣ አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ሴት ጠጋ ብለው፣ «ሰውዬው ራሳቸው ይህን ያህል አልኖሩም» አሉ። ሴትዮዋ በለቅሶ መሀል ሳቅ አምልጧት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለአማቷ ደረቷን የምትደቃ ምራት አስቁመው፣ «ሲታመሙ ብቅ ሳትይ፣ አሁን ደረትሽ ምን አደረገሽ?» ብለዋታል።

ከቀብር መልስ የሚሰጡት ፍርድ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ወይ «ሰው ቀበረው»፣ ወይ «ሰው አልቀበረውም»። ይግባኝ የለም።

በ2007 ዓ.ም. ሸዋ በር አጠገብ አንድ ዘመናዊ የቀብር አገልግሎት ድርጅት ተከፈተ። ጎኑ መስታወት የሆነ ነጭ መኪና አለው፤ ጓንት ያጠለቁ ስድስት ጎረምሶች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ሟች እንደ ሙያው አበባ ያሠራል። ወይዘሮ እልፍነሽ መኪናውን አንድ ቀን አይተው፣ «ሬሳ ነው ሙሽራ የሚጭነው?» ብለው አልፈውት ነበር። የራሳቸው ጎረቤት ደጃፍ እስኪቆም ድረስ።

ጎረቤታቸው አቶ እንደሻው የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለሱ ያረጁ ሾፌር ነበሩ። ከመሞታቸው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ወይዘሮ እልፍነሽን አስጠርተው ነበር።

«ስሚኝ እልፍነሽ፤ አርባ ዓመት መኪና ላይ ተቀምጬ ወገቤ አለቀ። የመጨረሻዋን እንኳ በሰው ትከሻ ልሂድ። ልጄ ዘመናዊ ነው፤ የምተማመነው አንቺን ነው። አደራ!»

ወይዘሮ እልፍነሽ ብዙ ቀብር ነቅፈዋል፤ የቀብር አደራ ሲቀበሉ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ፈሩ። እንቅልፍም አጡ።

አቶ እንደሻው እንዳረፉ ልጃቸው ዳዊት ከአዲስ አበባ ደረሰ። ሲመጣ ከድርጅቱ ጋር በስልክ ተዋውሎ ነበር። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ የታተመውን የስንብት መርሐ ግብር ዘረጋላቸው፤ «የለቅሶ ጊዜ፦ ዐሥር ደቂቃ» ይላል።

«ዐሥር ደቂቃ? እኔ ነጠላዬን ሳዘቀዝቅ ያልቅ የለ እንዴ!»

«እትዬ፣ ዘመኑ ተለውጧል እኮ። አባቴን በትልቅ ክብር ልሸኘው ነው።»

«አባትህ አልተለወጡም። በሰው ትከሻ ብለዋል።»

«አሁን ሁሉም አልቋል። መኪናው ታዟል።»

ለወይዘሮ እልፍነሽ ሁሉም አልቋል ማለት ገና ተጀመረ ማለት ነው። በቀጥታ የሄዱት አጥር ለአጥር ወደምትጎራበታቸው ወደ ዘምዘም ነበር። ዘምዘም ነገሩን ሰምታ ሳትጨርስ ተቆጣች።

«ወላሂ እልፌ፣ እንደናንተ እድር የኛም አፎቻ ሰውን በመኪና እያስጎበኘ አይቀብርም! ባሌ ዓሊዪ ይመጣል፣ ጓደኞቹም ይመጣሉ። ትከሻ አይጠፋም። መኪናውን ግን አንቺ አንድ በይው።»

በማግሥቱ ሳጥኑ መኪናው ላይ ተጫነ። ከላዩ በመኪና መሪ ቅርፅ የተሠራ ትልቅ አበባ ተጋድሟል። ፍፁም የሚባለው ሾፌር የአዳማ ልጅ ስለሆነ የጀጎልን መንገድ አያውቅም። ክብርትነታቸው ከመኪናው ፊት ቆሙና፣ «ተከተለኝ ልጄ፣ በዚህ በኩል አቋራጭ አለ» አሉት።

ቀባሪው እርስ በርሱ ተያየ። በዚያ መንገድ አህያ እንኳ ከነጭነቷ አታልፍም። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል በወይዘሮ እልፍነሽ ምላስ ያልተገረፈ አልነበረም፤ ዛሬ ቢያጋልጣቸው ማን ይፈርድበታል? ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ይወዷቸው ኖሯል።

«ና… ና… ቀኙ ሰፊ ነው… ና ልጄ!»

ሁለቱም ስፖኪዮ ግንብ ነክቶ መኪናው ቀጥ አለ። ፍፁም በሩን ሊከፍት ቢሞክር ግድግዳ ነው፤ ወደ ኋላ እንዳይመልስ መንገዱን ቀባሪ ሞልቶታል።

«ምነው፣ መንገዱ ተሳሳተብኝ መሰለኝ» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ስድሳ አምስት ዓመት በኖሩበት ሰፈር።

ዓሊዪና የእድሩ ወንዶች የመኪናውን የኋላ በር ከፍተው ሳጥኑን በትከሻቸው አነሡት። ባለ ጓንቶቹ ጎረምሶች ሌላ የሚይዙት ቢያጡ አበባውን ይዘው ተከተሉ። ክብርትነታቸው ግን አንድ ነገር አላሰቡበትም፤ የተወተፈው መኪና ከቀባሪው ለይቶ ማዶ አስቀርቷቸዋል። ጉልበታቸውን እየረገሙ በሌላ ጠባብ መንገድ ዞረው፣ ላብ በላብ ሆነው ደረሱ።

ዳዊት ፊቱ ቀልቶ ጠበቃቸው።

«ሆን ብለው ነው አይደል፣ እትዬ?»

«አዎ» አሉ። «አደራ በላ ከምባል ክፉ ሴት ልባል። ስደበኝ፣ ግን ከቀብር በኋላ።»

ይህን ጊዜ ከፊት በቀኝ በኩል የተሸከመው ዓሊዪ ቆም አለና፣ «ና ወንድሜ፣ ይህ ቦታ ያንተ ነው» አለው። ዳዊት ኮቱን አውልቆ ለወይዘሮ እልፍነሽ ሰጠና ሳጥኑ ሥር ገባ። ጥቂት እንደሄዱ ወደሳቸው ዞር አለ፤ እንባው አገጩ ላይ ደርሷል።

«ይከብዳል፣ እትዬ።»

«ይክበድህ እንጂ! አባትህ እኮ ናቸው።»

እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሦስት ሰው ሊቀበለው መጣ። ዳዊት ለማንም አላስረከበም።