ዶክተር ቁንጥንጥ እና የእርሾው ጓዳ

በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር የሚኮሰኩሰው ሰው አይጠፋም። ሊፍት ጠርቶ ሳይመጣለት በደረጃ ይወጣል፤ ድስት ተጥዶ ካየ ክዳኑን ሳያነሳ አያልፍም። ለአንድ የእርሾ ቤተ ሙከራ የደረሱት ክቡር ዶክተር ቁንጥንጥ ነበሩ። ስሙን ያወጣችላቸው ተማሪያቸው ናት፤ ታዲያ በሌሉበት ነው እንጂ ፊት ለፊትማ «ዶክተር» ነው የምትላቸው።

ሥራው ደግሞ ረጋ ያለ ሰው ይፈልጋል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች በሰውነታቸው ውስጥ በፕሮቲን ግድግዳ የታጠረ ጓዳ አላቸው፤ ለራሳቸው መርዝ የሚሆነውን አደገኛ ሥራ እዚያ ዘግተው ይሠሩታል። ተማሪዋ የምትደክመው ያንን ጓዳ እንዲህ ያለ ነገር ኖሮት በማያውቅ እርሾ ውስጥ ለማቆም ነበር። እርሾው ግድግዳውን ይሠራል፤ ግን አይገጣጠምለትም፤ ጓጉሎ ይቀራል። መመረቋም በዚሁ ላይ ተንጠልጥሏል።

ዶክተሩ መጠበቅ አልሆነላቸውም። እርሾው በሙቀት የሚያድግበትን ሣጥን፣ የኢንኩቤተሩን በር ከፍተው ብልቃጡን ወደ መብራት ያነሳሉ። «እስቲ ልየው፣ ልየው ብቻ» ይላሉ። ይመልሱታል፤ ኮሪደሩን ዞረው መጥተው ደግሞ ይከፍታሉ። ተማሪዋ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብትላቸውም አልሰሟትም። ባለቤታቸው እንኳ ደውለው፣ እቤት ፍሪጁን እየከፈቱ እየዘጉ እንዳስቸገሯቸው ነግረው፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ ትንሽ እንድታቆይላቸው ለምነዋታል።

በመጨረሻ ተማሪዋ መላ ዘየደች። ከብልቃጦቹ ግማሹን ምድር ቤት ባለው ኢንኩቤተር ደበቀች፤ ግማሹን ለእሳቸው መነካኪያ ተወችላቸው። ከዚህ ሙከራ በኋላ ወደ ሌላ ቤተ ሙከራ ልትዛወር ቆርጣ ነበር።

በማይክሮስኮፕ ስታየው ግን የተደበቀው እንደ ወትሮው ጓል ሆኗል። እሳቸው ሲነካኩት በሰነበቱት ውስጥ ጓዳዎቹ ጥንቅቅ ብለው ቆመዋል። ዓይኗን አላመነችም። ቆይታ ነው የገባት፦ በሩ በተከፈተ ቁጥር እርሾው ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ሥራውን ያዘገያል፤ ግድግዳውም የሚገጣጠምበት ፋታ ያገኛል። ሙቀቱን ዝቅ አድርጋ፣ በሩን ጨርሶ ሳታስከፍት ደገመችው። ጓዳዎቹ አሁንም ቆሙ።

ይህን ለመንገር መደበቋንም መናገር ነበረባት። ሁሉንም ነገረቻቸው። ዶክተሩ ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆመው አንድ እግራቸውን እያወዛወዙ ሰሙና ድንገት እግራቸው ቀጥ አለ።

«እንግዲህ ከአሁን በኋላ የእኔ እጅ አያስፈልግም ማለት ነዋ» አሉ።

ቁጭ ብለው አይታቸው አታውቅም። አሁን ወንበሩ ላይ ሙሉ በሙሉ ተቀመጡ፤ እጃቸውንም ጭናቸው ላይ አኖሩ። ተማሪዋ ያንን እጅ አየችው።

«ዶክተር፣ ቀጥሎ ተክል ውስጥ ልሞክረው አስቤአለሁ» አለች፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስባው አታውቅም። «ምን እንደሚስማማው ማንም አያውቅም። እርስዎ ካልነካኩት አልጀምረውም።»

ዶክተሩ ገና ሳትጨርስ ብድግ ብለው የተክል ዘር ፍለጋ ኮሪደሩን አጋምሰውት ነበር። እሷም ቁጭ ብላ መጠበቅ አቃታትና ጋውኗን እየለበሰች ተከትላቸው ሮጠች።