ሳይደነግጡ የሚቀዳ ደም

በእኛ አገር ፈሪ የለም። ካላመናችሁ ጠይቁ። የሚጠነቀቅ አለ፤ ይሉኝታ የሚይዘው አለ፤ ጅብ ሲጮህ ሽንቱን ለጧት የሚያሳድር አለ። «ፈራሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ግን ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ብትፈልጉ ከእኔ በቀር አታገኙም። እኔ እፈራለሁ። መብረቅ እፈራለሁ፤ መርፌ እፈራለሁ፤ ስብሰባ ላይ «አስተያየት ያለው?» ሲባል እፈራለሁ። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? እናቴ እስከ ዛሬ በእኔ አልተጎዳችም።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን የሚስቴን አባት፣ አያ ጥሩነህን ነው። ቡሬ ገጠር በርበሬ የሚያመርቱ፣ ትከሻቸው እንደ በር የሰፋ ሰው ናቸው። ስለ ፍርሃት ሲወራ፣ በባሕር ማዶ የሚበቅል ያልቀመሱት ፍሬ የተነሣ ያህል ዝም ብለው ያዳምጣሉ።

እኒህ ሰው በበርበሬ ለቀማ መካከል በድንገት ፊታቸው አመድ መሰለ። ላብ አጠመቃቸው፤ ልባቸው እንደ ተባረረ ፈረስ ጋለበ፤ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ማሳው ላይ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ለቀቃቸው። ተነሥተው ለቀማቸውን ቀጠሉ፤ ያየውንም ሰው ሁሉ ለእኛ እንዳይነግር አስማሉት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ነገሩ እየተመላለሰ ጎረቤቱ «ዓይነ ጥላ ነው» አለ፤ ጠበል ተወሰዱ፤ እዚያም ያዛቸው። በመጨረሻ ባለቤታቸው እትየ ይመኙ መሐላውን አፍርሰው ደወሉልንና ፍኖተ ሰላም ወደ እኛ ቤት መጡ።

ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ ሐኪሙ በምስል ሲያያቸው ከኩላሊታቸው በላይ ሎሚ የሚያህል እብጠት አገኘ። ሰው ሲደነግጥ ልብ የሚያስሮጥ፣ ላብ የሚያፈልቅ ንጥረ ነገር ከዚያ አካባቢ ካለ ዕጢ ወደ ደም ይረጫል አለን። እብጠቱ ይህን ንጥረ ነገር ያለ ምክንያት እየረጨ ሊሆን ይችላል። ከሆነ፣ በመድኃኒት ሳይዘጋጁ እብጠቱን ለማውጣት ቢቀደዱ የደም ግፊታቸው ጣራ ነክቶ ከቢላዋው ሥር ሊቀሩ ነው። ካልሆነ ደግሞ ያው መድኃኒት በከንቱ ይጎዳቸዋል። ስለዚህ መለካት አለበት። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ ንጥረ ነገሩ ዕድሜው የጤዛ ነው። ደም ውስጥ ከገባ ከደቂቃዎች በላይ አይቆይም፤ ብልቃጥ ውስጥም ሙቀት ካገኘው ይጠፋል። በዚያ ላይ ታማሚው ደሙ ሲቀዳ ከደነገጠ ቁጥሩ በሐሰት ይወጣል።

«ባጭሩ፣» አለ ሐኪሙ፣ «የፍርሃት ንጥረ ነገር በሉት።»

አያ ጥሩነህ ከወንበራቸው ተነሡ። «ፍርሃት ነው ያልከው፣ ልጀ? በእኔ ደም?»

ሐኪሙም ሰው ነውና ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ። በዚያች ደቂቃ የእሱ ደም ቢቀዳ ምን ቁጥር ይወጣ እንደነበር እግዜር ይወቅ። እኔማ ከበሩ ደርሼ ነበር።

ደሙን የሚቀዳ፣ ፈሳሹ እንዲለይ በቀዝቃዛ ማሽን የሚያሽከረክርና በበረዶ አሽጎ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ አንድ የግል ላብራቶሪ ከተማው ውስጥ ተገኘ። ባለሙያዋ ሰዓዳ የምትባል፣ የነጋዴ ልጅ፣ ቁርጥ ያለች ሴት ናት። መርፌውን አስቀድማ ክንዳቸው ላይ ሰካችና ሕጉን ነገረችን። ግማሽ ሰዓት ጸጥ ብለው ይተኛሉ፤ ወሬ የለም፣ መነሣት የለም፣ ድንጋጤ የለም። ከዚያ እሷ ቀስ ብላ ገብታ በተሰካው መርፌ ትቀዳለች። ከደነገጡ እንደገና ከመጀመሪያው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ አጠገባቸው ሁን፤ አረጋጋቸው።»

እኔ! እንዲህ ያለ ሹመት በሕይወቴ ደርሶኝ አያውቅም። መብራት ከጧት ጀምሮ ጠፍቶ ጄኔሬተር እያንኳኳ ነው። የበረዶው ሣጥን ማላብ ጀምሯል። ዕቃውን የሚወስደው መኪና ከሰዓት ይነሣል። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው፤ ስለ ነገ ግን ደፍሮ የሚናገር የለም። ይህን ሁሉ እያሰብኩ ፊቴን የተረጋጋ ሰው ፊት አስመስዬ ተቀመጥኩ።

ትንሽ እንደቆየን ስልኬ ጮኸ። ሚስቴ ናት። «አባየ ሞተ እንዴ?» ብላ የጮኸችው ተራ መጠበቂያው ድረስ ይሰማል። ሰዓዳ ገብታ ስልኬን ከእጄ ወሰደችና ሰዓቱን እንደገና ጀመረች።

በሁለተኛው ዙር መገባደጃ ላይ ከውጭ ጓ! የሚል ድምፅ መጣ። በዚህ ዘመን ያ ድምፅ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ራሴን ያገኘሁት አልጋው ሥር ነው። ጉንጬን ሲሚንቶው ላይ ለጥፌ፣ ሁለተኛውን ድምፅ እየጠበቅሁ፣ ልጆቼ የት እንዳሉ ለማስታወስ ስሞክር ስማቸው ጠፋኝ። መንገዱ ሁሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ሰው ሲስቅ፣ ሌላው ሲሳደብ ተሰማ።

ከላይ የአያ ጥሩነህ ድምፅ መጣ፤ «ውጣ ልጀ። የባጃጅ ጎማ ነው።»

ወጣሁ። ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። እሷም የበሩን መቃን ጨብጣ ነበር። በረዶው ለአንድ ዙር ብቻ እንደሚበቃ ነግራን ወጣች።

ሦስተኛው ዙር ተጀመረ። አሁን እውነተኛው ፍርሃት መጣ፤ የማይጮኸው። ብናስነጥስስ? ጄኔሬተሩ ቢጠፋስ? ቁጥሩ በእኔ ምክንያት ተሳስቶ እኒህ ሰው በሐሰት ቁጥር ቢቀደዱስ? ከኮርኒሱ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ ከንፈራቸው እንኳ ሳይንቀሳቀስ፣ አያ ጥሩነህ በሹክሹክታ ጠሩኝ።

«ባሕር ዳር ሲቀድዱኝ ያስተኙኛል አይደል?»

«አዎ፣ አያ። ምንም አይሰማዎትም።»

«እሱን አይደለም የምጠይቅህ። ተኝቸ ሳልነቃ ብቀርስ?»

ምን ልበል? ሕጉ ወሬ ይከለክላል። አይዞዎት ልበል? አይዞህ የተባለ ሰው ሲደነግጥ እንጂ ሲረጋ አይቼ አላውቅም። ውሸት መጣልኝ፤ ዋጥኩት።

«እኔም እሱን ነው የምፈራው፣» አልኳቸው።

ያንን በርበሬ ያሻከረውን መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነበር፤ ቀስ በቀስ ሞቀ። «ለይመኙ እንዳትነግራት፣» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰዓዳ በባዶ እግሯ ገብታ ስትቀዳ አልሰሟትም፤ እንደ ሕፃን ትንፋሻቸው ረግቶ ነበር። ብልቃጡ በረዶው ውስጥ ገባ፤ ማሽኑ ዞረ፤ መኪናውም ሳይነሣ ደረስንበት።

ውጤቱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ አልነግራችሁም፤ ምግብ የሚባል ነገር እንደነበረ ረስቼ ነበር። ሲመጣ ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ሰው አንበሳ ፊት ለፊቱ ቢቆም እንኳ ቁጥሩ ይህን ያህል አይወጣም አለ። ያውም ተረጋግተው የተቀዳ! ስለዚህ ጥፋቱ የእብጠቱ ነው። አያ ጥሩነህ ይህን ሲሰሙ ሞት የተፈረደበት ሳይሆን ሹመት የመጣለት ሰው መሰሉ። «አላልኩህም? እኔ አይደለሁም!»

መድኃኒቱን ለሳምንታት ወሰዱ፤ ባሕር ዳር ተቀደዱ። እኛ በር ላይ እየቆምን፣ እየተቀመጥን፣ ስእለት እየተሳልን ዋልን። ወጡ። ነቁ። መጀመሪያ የጠየቁት «ወጣ?» ብለው ነው።

ቡሬ ሲመለሱ ሊጠይቃቸው ለመጣው ሁሉ ሐኪሞች ፍርሃታቸውን ቆርጠው እንዳወጡላቸው አወጁ። ሐኪሙ እብጠት እንጂ ፍርሃት እንዳላወጣ፣ በሌላው ኩላሊት በኩል የቀረው ዕጢ ሥራውን እንደሚሠራ ቢያስረዳም ማን ሰምቶት! ወንዝ ሞልቶ «ቆዩ» ሲባሉ ይገባሉ። የሰፈሩ ሰው የሚሸሸውን ኮርማ በአፍንጫው ይይዛሉ። በማይመሽበት አምሽተው በማይኬድበት ይሄዳሉ።

በቀደም ለክትትል ሲመጡ እትየ ይመኙም አብረው መጡ። ከስተዋል፤ እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል። ሐኪሙ የባለቤታቸውን ግፊት ለክቶ «እንደ ወጣት ነዎት!» ብሎ ሲስቅ፣ እትየ ይመኙ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ።

«ልጀ፣ እግዜር ይስጥህ፣ አዳንክልኝ፣» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን እንዲያው ካወጣችሁት ላይ፣ ትንሽ መልሳችሁ ብታስገቡለትስ?»