ካፖርት በአዳማ ሙቀት

ሰልፍ ባለበት ሁሉ አንድ ሰው አለ። ማን ከማን በኋላ እንደመጣ፣ ማን «አንዴ ደርሼ ልምጣ» ብሎ እንደሄደ፣ ማን የአክስቱን ልጅ ከመሃል እንዳስገባ ያውቃል። ማንም ሳይሾመው ዳኛ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፤ የእኛን ለጥቂት ቀን እናውሳችኋለን።

የእኛው፣ ክቡር ኦቦ ጃዕፈር፣ የአዳማ ጠቅላይ ሚዛን ጠባቂ ናቸው። ለበዓል በሬ ተጋርተን ስናርድ መደቡን የሚያስተካክሉት እሳቸው ናቸው። ጉበቷን ከዚህ ቆርሰው ወደዚያ፣ ከዚያ ቆርሰው ወደዚህ ሲሉ ዝንቡ ሥጋውን ይወረዋል፤ ሚስቶቻችን ይደውላሉ። ባጃጅ ውስጥ እንኳ ወፍራሙን ሰው ወደ መሃል ካላዛወሩ አይቀመጡም። «እኩል ካልሆንን ምኑን አብረን ሆንነው?» ይላሉ። ይህችን ሳይናገሩ የዋሉበት ቀን ቢኖር ታመው ነው።

ፋሩቅ ሳይክል መጠገኛው ውስጥ ያንን ነገር ያስገባ ጊዜ ታዲያ ሥራ ተከፈተላቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሳይክሉ መቆሚያ ላይ ይታሰራል። የሚነዳው ሰው ካለበት ፈቀቅ ሳይል ፔዳሉን ይመታል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምስሉ አይቶት በማያውቀው አገር መንገድ፣ በየቤታቸው ሆነው ከሚነዱ ሰዎች ምስል ጋር ይሽቀዳደማል። ጉልበተኛው በደካማው እንዳይጫወት ኮምፒውተሩ የእግርን ጉልበት ለሰውነት ኪሎ አካፍሎ ከኤ እስከ ዲ ይመድባል፤ ኪሎ ሲበዛ ምድብ ይወርዳል። ጉልበቱን ማሽኑ ይለካል። ኪሎውን የሚናገረው ባለቤቱ ራሱ ነው።

«ራሱ?» አሉ ኦቦ ጃዕፈር።

በማግስቱ ሚዛን ይዘው መጡ። ሕግም ወጣ፦ ጫማ ይወልቃል፤ ስልክ ከኪስ ይወጣል፤ ቬንትሌተር ለአንድ ሰው አንድ፤ በተመዘኑበት ልብስ ይነዳል። የባንኳ ሌንሳ የጆሮ ጌጧን ሳይቀር አውልቃለች። ሚዛኑን የማነበው እኔ ነኝ። ሳይክል አልነዳም፤ የምሄደው ለወሬ ስለሆነ ገለልተኛ ተብያለሁ።

በሌላው ዓለም ሰው ለማሸነፍ ሲል ከምድቡ ዝቅ ብሎ ይደበቃል አሉ። እኛን የቸገረን ሌላ ነው። እኛ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ሲባል የምናውቀው የትምህርት ውጤት ነው። ሌንሳ ሲ ሲደርሳት «ዩኒቨርሲቲ እያለሁ እንኳ ሲ አላየሁም» ብላ ሦስት ቀን ራት አልበላችም። ኦቦ ጃዕፈር ራሳቸው ሲ ናቸው፤ ያውም ዲን ለጥቂት ያመለጡ።

በዚህ መሃል ኦቦ ጎበና መጡ። የወንጂ ሰው ናቸው። እሳቸውና ኦቦ ጃዕፈር በወጣትነታቸው የአዳማና የወንጂን መንገድ ጎን ለጎን እየነዱ፣ እየተጨቃጨቁም ጨርሰውታል። ዘንድሮ ልባቸውን ታመሙ፤ ሐኪሙ «ቀስ እያሉ ይንቀሳቀሱ፤ ቤት መቀመጡ አይበጅዎትም» አላቸው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ዲ አላቸው።

«ልጄ ሶረቲ ዲ ይዛ ስትመጣ ቴሌቪዥን የከለከልኩ ሰው ነኝ» አሉ። ሳቅን።

ሲነዱ ግን አልሳቁም። ኦቦ ጃዕፈር እዚያው አጠገባቸው ናቸው፤ ስክሪኑ ላይ ግን ሌላ ውድድር ውስጥ፣ ሌላ መንገድ ላይ። ኦቦ ጎበና ከሳይክሉ ወርደው ፎጣቸውን አጣጠፉ።

«ጃዕፈር፣ ትከሻህ ይነካኛል፤ አንተ ግን ሌላ አገር ነህ። ይሄ ብቻዬን ቤት ከመቀመጥ በምን ይለያል? ከእንግዲህ አልመጣም።»

ኦቦ ጃዕፈር ወደ ሚዛኑ አየት አደረጉ። «አንድ እሑድ ብቻ ጨምርልኝ» አሉ።

ያ እሑድ ደረሰ። ግንቦት ነው፤ ቆርቆሮው ሊቀልጥ ምንም አልቀረው። ኦቦ ጃዕፈር ለሁሩታ ብርድ የተገዛውን ወፍራም ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ገቡ። ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ከኪሳቸው የብረት ድምፅ ተሰማ። ፋሩቅ ትልልቅ መፍቻዎቹን ከጠዋት ጀምሮ ሲፈልግ ነበር፤ ያን ጊዜ መፈለጉን ተወ። ሌንሳ ባዶ ጆሮዋን ዳሰሰችና ልትናገር ስትል ፋሩቅ እግሯን ረገጣት።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የኦቦ ጃዕፈር ዓይን ግድግዳው ላይ ነው፤ ላቡ በአገጫቸው ይንጠባጠባል። ሚዛኑ ያለውን ቁጥር ጮክ ብዬ አነበብኩ። ፋሩቅ መዘገበ። ኮምፒውተሩ ዲ አላቸው።

«ወፈርክ» አሉ ኦቦ ጎበና።

«ምግብ ተስማምቶኝ ነው።»

ከዚያ በኋላ ካፖርቱን ቢያወልቁት የሚናገራቸው አልነበረም። እሳቸው ግን በተመዘኑበት ልብስ፣ ከነመፍቻው ሳይክሉ ላይ ወጡ። እኚህ ሰው ሲያጭበረብሩ እንኳ ደንብ ያከብራሉ። የሰፈሩን ሥጋ በሙሉ ዝንብ ቢወርሰው ከዚህ በኋላ ቅር አይለኝም።

ስክሪኑ ላይ ሌላው ሰው ሁሉ ጥሏቸው ሄደ። ከኋላ ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ቀሩ። ባለቤቶቻቸው የድሮው የወንጂ መንገድ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ ይጨቃጨቃሉ።

«ካፖርቱን አውልቅ እንጂ» አሉ በመሃል ኦቦ ጎበና።

«በርዶኛል።»

ኦቦ ጎበና ፔዳሉን ሳያቆሙ እጃቸውን ዘረጉና የራሳቸውን ቬንትሌተር ወደ ጓደኛቸው አዞሩት።

«ለአንድ ሰው አንድ ነው» አሉ ኦቦ ጃዕፈር። «ደግሞ በርዶኛል አልኩህ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ኦቦ ጎበና። ቬንትሌተሩን ግን አልመለሱትም።