ዶክተር ቀላልና ሳጥን የሆኑት ደብዳቤዎች

በየሰፈሩ ሳይጠሩት መጥቶ ያልተበላሸውን የሚጠግን አንድ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካያችሁ፣ እዚያ ገና ምንም ዕቃ አልተገዛም ማለት ነው።

የእኛ ሰፈሩ ሰው ዶክተር ቀላል ይባላሉ። ዶክትሬታቸውን የሰጠናቸው እኛው ነን። ድሮ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ክፍሉ ውስጥ ከእሳቸው በቀር ሠራተኛ አልነበረም። «ቀላል» የተባሉት ደግሞ የታመመ ኮምፒውተር ባዩ ቁጥር አንገታቸውን ዘንበል አድርገው «ችግሩ ቀላል ነው» ስለሚሉ ነው። ይህን ሲሉ እሳቸውን የምናውቅ ሰዎች ቁጭ የምንልበት ወንበር እንፈልጋለን።

ፊት ለፊት አንተ ነው የምላቸው፤ ከበኩር ልጄ በጥቂት ቢበልጡ ነው። በጽሑፍ ሲሆን ግን ማዕረጋቸውን አልነካም። ፊደል የቆጠርኩት የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ስለሆነ፣ የተጻፈ ነገር ለእኔ እስካሁን የክት ልብስ ነው።

ክቡርነታቸው ከብብታቸው የማትለይ፣ ሲዲ የታጨቀባት ጥቁር ቦርሳ አለቻቸው። ሌላው ሰው አዲስ ሲያገኝ አሮጌውን ይጥላል። እሳቸው አዲሱን ነቅለው ይጥሉና አሮጌውን ይጭናሉ። «ድሮ የተሠራ ፕሮግራም አያታልልም» ይላሉ። አያታልልም፤ እውነት ነው። ግን አይነሳም። እስኪነሳ ድረስ እሳቸው የመሥሪያ ቤታቸውን ታሪክ ያወሩልናል። ታሪኩ ረጅም ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ከታሪኩ ይረዝማል።

ምራቴ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። አንድ ቀን ዶክተር ቀላል የስፌት መኪናዋን ድምፅ ሰምተው ገቡና ድረ ገጽ ያስፈልግሻል አሏት። አያስፈልገኝም አለች። ሠሩላት። ስሟ ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል፤ ደርሶ ይጠፋና እንደገና ከግራ ይነሳል። ከስሟ ሥር ያለው የሙሽራ ቀሚስ ደግሞ ከአንገቱ ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል። ወገቡ ላይ ሲደርስ ያርፋል። ምራቴ፣ ደንበኛዋ ቀሚሱን እስከ ጫፉ አይታ ሳትጨርስ ልጅ ትወልዳለች ትላለች።

የራሳቸውን ድረ ገጽ የጀመሩት ከሁሉ በፊት ነው። ሲከፍቱት «ይህ ገጽ በመሠራት ላይ ነው» ይላል። ከጎኑ አካፋ የያዘ ትንሽ ሰውዬ አለ፤ አካፋውን ያነሳል፣ ይጥላል። እኔ ማንበብ ከመጀመሬ በፊት ጀምሮ እንደሚቆፍር ሰምቻለሁ፤ አንድ አካፋ አፈር አላወጣም።

ለድረ ገጽ መጻፍ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ነገሩ እንደፈራሁት አልሆነም። አንድ ቃል ጎልቶ እንዲታይ ከፈለጉ ከፊቱ ምልክት ይጽፋሉ፤ ያ ይከፍታል። ከኋላው ያንኑ ምልክት ጭረት ጨምረው ይጽፋሉ፤ ያ ይዘጋል።

«እማማ፣ የከፈቱትን ይዝጉ። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው» አሉኝ።

በርና ድስት ስዘጋ፣ አንዳንዴም አፌን፣ የኖርኩ ሴት ነኝና ወዲያው ገባኝ። ያልገባቸው መምህሩ ናቸው። የኮምፒውተሩን ጎን ይፈቱና ሳይገጥሙት ይሄዳሉ። የግቢያችንን በር ደግሞ አንድም ቀን ዘግተውት ወጥተው አያውቁም። የጎረቤት ድመቶች ጥገና መኖሩን የሚያውቁት በበሩ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤዎቹ ልምጣ።

የልጅ ልጄ ሩቅ ከተማ ስትማር በኢሜይል ትጽፍልኝ ነበር። አጭር አጭር፣ እንደ አቅሜ። የመጀመሪያዋን ማንም ሳያግዘኝ ለማንበብ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። «አያቴ ብርድ ልብሱ ይሞቃል» ነው የምትለው። ብርድ ልብሱን የሰጠኋት እኔ ነኝ። አንብቤ ስጨርስ፣ ልጅቷ በእኔ ጆሮ ብቻ የተናገረች ያህል ተሰማኝና ዘወር ብዬ አየሁ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ማንበብ የለመድኩት በእነሱ ነው።

ዶክተር ቀላል ይህን ሳደርግ አዩኝና አዘኑልኝ። ደብዳቤዎ ያለው በሰው ቤት ነው አሉኝ፤ የሚያዩት በመስኮት ነው፤ የራስ ነገር በራስ ቤት ይደር። ደብዳቤውን ካለበት ጎትቶ ወደ ቤት የሚያመጣ ደህና የድሮ የኢሜይል ፕሮግራም አለኝ አሉ። ለእኔ አስበው፣ ለጥንቃቄ በራሳቸው ማሽን ላይ ሊሞክሩት የይለፍ ቃሌን ወሰዱ። ቃሉ ሚስጥር አልነበረም፤ ቁም ሳጥኑ ላይ ለጥፌዋለሁ።

በማግስቱ ስከፍት ባዶ ነው። አንዲትም የለችም። ምራቴ መጥታ ያልነካችው ነገር የለም። ለልጅቷ ደውላ ቅጂ ካላት ጠየቀቻት። የጻፈችበት አድራሻ የትምህርት ቤቷ ነበር፤ ስትመረቅ ዘግተውታል። እሷ ዘንድም የለም። እኔም ያን ቀን ቁርስ አልበላሁም።

ዶክተር ቀላል ተጠርተው መጡ። አዩ። «ችግሩ ቀላል ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ከአፋቸው ኋላ ቀረ። የድሮው ፕሮግራም ደብዳቤ ሲያመጣ ከነበረበት ቦታ ጠርጎ ነው የሚያመጣው። ሁሉም እሳቸው ቤት ናቸው።

«እንግዲያው አምጣልኝ፣ ልጄ» አልኩ።

አላመጡም። ሳይጠሩ የሚመጡት ሰውዬ ቢጠሩም የማይመጡ ሆኑ። መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ሱቅ ይገባሉ። ምራቴ መቀስ እንደያዘች፣ ያ ሰው የዚህን ቤት ማሽን ቢነካ ጣቶቹን አንድ ላይ እሰፋቸዋለሁ አለች። በሩም ተዘግቶ መዋል ጀመረ፤ ድመቶቹ እንኳ ግራ ገባቸው።

ነጠላዬን አጣፍቼ ቤታቸው ሄድኩ። ክፍላቸው ሆዳቸው በተዘረገፈ ኮምፒውተሮች ሞልቷል። መሐል ላይ ጺማቸውን ሳይላጩ ተቀምጠዋል። ማሽኑ ላይ ደብዳቤዎቼ በተራቸው ተሰልፈዋል፤ ግን በፊደል ፋንታ ሳጥን ነው። ከላይ እስከ ታች ባዶ ባዶ ሳጥን። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች የእኛን ፊደል አያውቁትም ኖሯል።

«መንገድ ላይ ተሰባብረው ይሆናል ብዬ ፈራሁ» አሉ። «ስንት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቴ አሉ። ደብዳቤ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ምን እንደሚሉ ግን አላውቅም። እማማ፣ እንዴት ያለ ነገር ነው?»

«እኔንማ አትጠይቀኝ» አልኩ። «የሐኪሙ ወረቀት፣ የሱቁ ሰሌዳ፣ የልጆቼ ደብተር፣ ሁሉም ለእኔ እንዲህ ሳጥን ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ።

ተጠግቼ የመጀመሪያዋን አሳየኝ አልኩ። እሷን በቃሌ አውቃታለሁ። ጣቴን ማሽኑ ላይ አድርጌ ሳጥኖቹን አነበብኩላቸው። «አ፣ ያ፣ ቴ» ሦስት ሳጥን። «ብ፣ ር፣ ድ» ሦስት። «ል፣ ብ፣ ሱ» ሦስት። «ይ፣ ሞ፣ ቃ፣ ል» አራት። አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተረፈም።

ዶክተር ቀላል ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ፊደሉ በሙሉ አለ ማለት ነው አሉ፤ ልብስ ነው ያጣው፤ ማሽኑ የአማርኛ ፊደል ቅርጽ ስለሌለው የሚያለብሰው አጥቶ ነው። ጥቁሯን ቦርሳ ዘረገፉ።

«ችግሩ ቀላል ነው!»

ልማዴ ነውና ወንበር ፈለግሁ። ስላልነበረ አንድ የሞተ ፕሪንተር ላይ ተቀመጥኩ። አንዱን ሲዲ ሞከሩ፣ ሌላውን ሞከሩ፤ የመሥሪያ ቤታቸውን ታሪክ አንዲት ቃል አላወሩም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ማሽኑ ጠፍቶ ተነሳ፤ ሳጥኖቹም ፊደል ሆኑ። ብርድ ልብሱ ይሞቃል። ሁለታችንም እኩል ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብነው።

ያንን ግራጫ ማሽን እንደ ሙሽራ ታቅፈው ወደ ቤቴ አመጡት፤ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። ምራቴ በሩን ከፈተችላቸው። መቀሱን አስቀምጣ ነበር፤ ያም ቢሆን ሩቅ አላስቀመጠችውም። ደብዳቤዎቹን ስልክሽ ላይ ላድርግልሽ ብትለኝም እሺ አላልኳትም። ማሽኑ እስኪነሳ ቁርሴን እበላለሁ።

ክቡርነታቸው ለካሳ ብለው በድረ ገጻቸው ላይ፣ ከቆፋሪው ሰውዬ በላይ፣ ለእኔ ቦታ ሰጡኝ። የፈለጉትን በራስዎ እጅ ይጻፉ አሉኝ። እኔም የጎላ ጽሑፍ የሚከፍተውን ምልክት አስቀድሜ «ማንበብ ደስ ይላል» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት ገና ቁርሴን ሳልጨርስ እያለከለኩ ደረሱ። ከእኔ ቃል በታች ያለው ሁሉ፣ «በመሠራት ላይ ነው» የሚለውም፣ አድራሻቸውም፣ የመሥሪያ ቤታቸው ታሪክም እኩል ጎልቶ አድሯል።

«እማማ፣ አልዘጉትም እኮ!»

«ችግሩ ቀላል ነው» አልኩና ወንበር ሳብኩላቸው። ድስት ሲከድን የኖረ ሰው እንዴት ረሳው ብለው አልጠየቁኝም።

ሻያቸውን ጠጥተው፣ የእኔን ምልክት ዘግተው፣ የምራቴን ቀሚስ ከወገቡ ሊያስወርዱ ቃል ገብተው ሄዱ። የግቢውን በር እንደ ልማዳቸው ብርግድ አድርገው ነው የተዉት። ምራቴ ልትዘጋው ተነሳች።

ተይው አልኳት።