ክቡር ባለ ሦስት እግር

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ።

በሕልሜ ያለሁት እዚሁ ኮምቦልቻ ነው፤ ግን ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል። ታክሲዎቹ መንገድ ዳር ተሰልፈው ተሳፋሪ ይለምናሉ። ትራፊክ ፖሊሶች ሾፌሮቹን ፊት ለፊት ቆመው በትሕትና ይቅርታ ይጠይቃሉ። የቀበሌ ጸሐፊ በየቤቱ እያንኳኳ «ማኅተም የሚፈልግ ሰው አለ? እባካችሁ አንድ ወረቀት እንኳ!» ይላል፤ ማንም በሩን አይከፍትለትም። እኔም ምንም አልገረመኝም። ወደ አንድ ሱቅ እየሄድኩ ነበር፤ ትራይፖድ ልገዛ።

ትራይፖድ ማለት ካሜራ እንዳይንቀጠቀጥ የሚቆምበት ባለ ሦስት እግር ነገር ነው። ሥራዬ ሠርግ መቅረጽ ስለሆነ ለእኔ አዲስ አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ እግሩ በፕላስተር የተጠቀለለ አሮጌ ትራይፖድ ይዤ ሰው ድሬበታለሁ፤ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። ችግሩ የመጣው ዝናቡ በሚባል ሰው ነው። ዝናቡም እንደ እኔ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው። አምና ከካርቦን የተሠራ፣ ዋጋው የአንድ በሬ ዋጋ የሆነ ትራይፖድ አስመጣ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው እንኳ ተቀየረ። «እንዴት ነህ?» ስለው «ይኸው፣ ከካርቦን ጋር» ይለኛል። ያነሣውን ፎቶ አሳየኝ ብዬ ብጠይቀው የትራይፖዱን ፎቶ ያሳየኛል።

ሱቁ ስደርስ ባለሱቁ አቶ ስንሻው በር ላይ ተቀበለኝና፣ ሰላም ሳይለኝ፣ «ጫማህን አውልቅና መደርደሪያው ላይ ውጣ» አለኝ።

«ልገዛ እኮ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ። ስለዚህ ውጣ!»

ቀና ስል መደርደሪያው ላይ ሰዎች ተደርድረዋል። አንገታቸው ላይ ወረቀት ተንጠልጥሏል። ከታች ደግሞ ትራይፖዶች ሦስት ሦስት የቆዳ ጫማ አድርገው፣ እያንጎራጎሩ፣ ወዲያ ወዲህ እያሉ ሰው ይመርጣሉ። እኔም ወጥቼ በአንድ ጡረተኛ አስተማሪና በአንዲት ነርስ መሐል ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥቁር፣ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ ትራይፖድ ከፊቴ ቆመ። አቶ ስንሻው ከወገቡ ጎንበስ አለለት፤ «ክቡርነትዎ» አለው።

«ስንት ኪሎ ነው?» አለ ክቡርነቱ በጫማው ጫፍ ጉልበቴን እየነካካ።

«ሰባ ሁለት» አልኩ ራሴ።

«ውይ! ርካሽ ነው።»

እዚያ አገር ዕቃም ሆነ ሰው የሚወደደው በቀለለ ቁጥር ነው። የሱቁ ውድ ዕቃ የቱ እንደሆነ ብጠይቅ አቶ ስንሻው በስተቀኝ ያለውን የመስታወት ሣጥን አሳየኝ። ሣጥኑ በሦስት ቁልፍ ተቆልፏል፤ ሁለት ጠባቂ ቆሞበታል። ውስጡ ባዶ ነው።

«ምንም አይታየኝም» አልኩት።

«እንዴታ! ክብደቱ ዜሮ ነው። ከዚህ በላይ ቀላል አልተሠራም።»

«እንግዲያ ካሜራው ምን ላይ ይቆማል?»

አቶ ስንሻው ደነገጠ። ዙሪያውን ገላመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ካሜራ ታስቀምጥበታለህ እንዴ? አንተ ሰውዬ፣ ክብደት ሊጨምር!» አለኝ።

በዚህ መሐል ዝናቡ ገባ። በትከሻው ባዶ ቦርሳ አንግቷል፤ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ደግፎ ይዞታል። «ቀስ! እንዳትነኩት!» እያለ ሕዝቡን ገፋ። ሕዝቡም ገለል አለለት። አንዷ ሴትዮ እንዲያውም ቦርሳውን ተሳለመችው። እኔ ባዶ መሆኑን እያየሁ ቀናሁበት። ይህንን ስናገር አሁንም ያሳፍረኛል፤ ግን ቀናሁ።

ከዚያ ክቡርነቱ ገዛኝ። ብቻዬን አልነበረም። እዚያ አገር ሁለት እግር ያለው ፍጡር በቁሙ አይታመንም፤ ለአንድ ትራይፖድ ሦስት ሰው ጀርባ ለጀርባ ይታሰራል። አንደኛው እግር እኔ ሆንኩ። ሁለተኛው ዝናቡ ሆነ። ሦስተኛውን ሲያመጡት አየሁ፤ ጋሽ ቢሻው ናቸው። ጋሽ ቢሻው ካሜራ አያያዝ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ናቸው። አርባ ዓመት ፎቶ ሲያነሡ ትራይፖድ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ግድግዳ ተደግፈው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ቀጭ ያደርጉ ነበር፤ በቃ።

«ጋሽ ቢሻው፣ እርስዎም?» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ፤ አጥንትህ ደርቋል፣ አትንቀጠቀጥም ብለው መረጡኝ።»

ዝናቡ ግን ይጮሃል። «ስህተት አለ! እኔ ከእነዚህ ጋር መታሰር የለብኝም! እኔ ካርቦን ነኝ!»

ማንም አልሰማውም። በገመድ አሰሩንና ክቡርነቱ ራሳችን ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ሦስቱ ጫማዎቹ በሦስታችን ጭንቅላት ላይ ዐረፉ። ወዲያው ደግሞ ሠርግ ቤት ነን። እንዴት እንደደረስን አላውቅም።

ድንኳኑ ውስጥ አራት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ነጠላቸውን አጣፍተዋል። የሙሽራይቱ አባት ከፊታቸው ተቀምጧል። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «የመጣነው እንግዲህ ለመልካም ነገር ነው» አለ። «ልጅዎን ለልጃችን ልንል አልመጣንም።»

«ታዲያስ?»

«ትራይፖድዎን ለልጃችን!»

አባትየው ራሳችን ላይ የተቀመጠውን ክቡርነቱን አየና ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ አለቀሰ። «ስንት ዓመት በጨርቅ እየጠረግኩ ያቆየሁት! አቧራ ሳላስነካው!»

«ክብደቱ ስንት ነው?»

«አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም።»

እልልታው ድንኳኑን አናጋው። ሙሽራው ቆሞ ክቡርነቱን እየተቁለጨለጨ ያያል። ሙሽራይቱን ማንም አላያትም። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጥግ ላይ፣ ለክቡርነቱ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። እኔም ከታች ሆኜ አንዱን ሽማግሌ፣ «አባቴ፣ ካሜራው የታለ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ካሜራ? እዚህ? የሰው ፊት ልታነሣ? ነውርም አታውቅ!»

ይልቅ አልበማቸውን አምጥተው አሳዩን። ወፍራም አልበም ነው፤ ገጹ ሁሉ ነጭ ወረቀት። አንዲት ወይዘሮ በጣቷ እየጠቆመች፣ «ይኼ የእህቴ ሠርግ ነው። ይኼ የወንድሜ ልጅ ክርስትና። እዩት፣ የተንቀጠቀጠ ነገር የለበትም!» አለች። ባዶ ገጽ ነው የምታሳየን። ዝናቡ ራሱን እየነቀነቀ፣ «ጥራት እንዲህ ነው» አለ። የታሰርኩ ባልሆን በጥፊ እለው ነበር።

ሰዓቱ ሄደ። የክቡርነቱን እግር ርዝመት ለኩ፤ ጨበጨቡ። እግሩን አጠፈ፤ ጨበጨቡ። መልሶ ዘረጋ፤ አንዳንዶቹ ከደስታ ብዛት አለቀሱ። እኔ ወገቤ ተቆርጧል። ያን ጊዜ ሙሽራይቱ ጃንጥላውን አስቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። ማንም እንደማያያት ስታውቅ ብቻዋን፣ ያለ ሙዚቃ፣ ትከሻዋን መነቅነቅ ጀመረች። ከድንኳኑ ስፌት የገባ ቀጭን ብርሃን ፊቷ ላይ ወደቀ። እየጨፈረች ሳቀች።

«ደምሰው» አሉኝ ጋሽ ቢሻው በሹክሹክታ። «አየሃት?»

«አየኋት።»

«ብርሃኑንስ?»

«አየሁት ጋሼ። ግን ታስሬያለሁ።»

«የኮቴ ኪስ ውስጥ እጅህን ስደድ። ሲያስሩኝ አልፈተሹኝም።»

እጄን እንደ ምንም አሾልኬ ኪሳቸው ውስጥ ሰደድኩ። ትንሽዬ፣ ቀለሟ የተፋቀ ካሜራ ናት። ጋሽ ቢሻው፣ «እኔ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፤ አንተ ውጣ» አሉኝ። ዝናቡ፣ «ደምሰው፣ እንዳትነቃነቅ! ታበላሽብናለህ!» እያለ ይለምናል። ከገመዱ ተፈልቅቄ ወጣሁ። ሮጥኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ግድግዳ የለ፤ የድንኳኑን ሸራ ተደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ቀጭ።

ከኋላዬ ክቡርነቱ ተንኮታኮተ። ድምፁ የሻይ ብርጭቆ የተሰበረ ያህል እንኳ አልነበረም፤ ሰዉ ግን ሰማይ የተደፋ መሰለው። ሴቶቹ ፊታቸውን ነጩ። ወዲያው የሠርጉ ጠረጴዛ የዳኛ ጠረጴዛ ሆነ። ዳኛው አንድ አጭር፣ ሆዳም ትራይፖድ ነው። ከፊቱ አቆሙኝ።

«ተንቀጥቅጠሃል?» አለኝ።

«አዎ። ግን ፎቶውን እዩት።»

ፎቶው በእጄ ላይ ነበር፤ ማን እንዳጠበው አላውቅም። ሙሽራይቱ ስትስቅ ነው። የቀሚሷ ጫፍ ትንሽ ደብዝዟል። ከፍ አድርጌ ለሕዝቡ ሳሳይ ሁሉም ዓይናቸውን ሸፈኑ። እናትየዋ ብቻ በጣቶቿ መሐል አጮልቃ አየች፤ «ልጄ ናት» አለች። አጠገቧ ያለችው ሴትዮ በክርኗ ጎሸመቻት፤ ጣቶቿን መልሳ ገጠመች።

ዝናቡ ለምስክርነት ተጠራ። ደረቱን ነፍቶ፣ «ክቡር ዳኛ፣ ይህ ሰው ስድስት ዓመት በፕላስተር የታሰረ ትራይፖድ ሲጠቀም ኖሯል። መክሬው ነበር። ኪሎው ራሱ ሰባ ሁለት ነው» አለ።

«ሰባ ሁለት!» አለ ሕዝቡ።

ያን ጊዜ ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። «እናንተ ጉዶች!» አልኳቸው። «በሦስት እግር ቆማችሁ አንዲት ሙሽራ ማየት ያቃታችሁ! እግሩ ቀለለ፣ እግሩ ረዘመ ስትሉ ልጅቱ ጥግ ላይ ቀለጠች! ማን ምን አነሣበት? አንድ ፎቶ አሳዩኝ! አንድ!»

ዳኛው በትዕግሥት ጠበቀኝ። ስጨርስ፣ «ሲናገርም ይንቀጠቀጣል» ብሎ ለጸሐፊው አስጻፈ። ፍርዱ ወዲያው ተነበበ፤ ቀሪ ዘመኔን የመጋረጃ ዘንግ ሆኜ እንድኖር ተፈረደብኝ። ጋሽ ቢሻው ከሩቅ፣ «አይዞህ ልጄ፣ ፎቶው ጥሩ ነው» ሲሉኝ ሰማሁ። ከዚያ ያጥፉኝ ጀመር። መጀመሪያ ጉልበቴን፣ ቀጥሎ ወገቤን፣ ከዚያ አንገቴን። ቦርሳ ውስጥ ከተቱኝና ዚፑን ዘጉት። ጨለመ። ቦርሳውን አንድ ሰው ይዞ በኃይል ይንጠኛል።

«ደምሰው! ኧረ ደምሰው! ተነሥ እንጂ!»

ዓይኔን ስገልጥ ወይዘሮ እቴነሽ ናቸው፤ የሙሽራይቱ እናት። የእውነቷ ሙሽራ፣ የእውነቱ ሠርግ። ቅዳሜም ሠርግ ነበረብኝ፤ ሌሊቱን ፎቶ ስመርጥ ነው ያደርኩት። ትናንት እሑድ ከምሳ በፊት አዲሱን ትራይፖድ አቆምኩ። ሁለተኛ ሌንሴን ሸጬ የገዛሁት ነው፤ ካርቦን። ካሜራውን ከፈትኩ። ከዚያ «ይኼ እንኳ እኔን አያስፈልገውም» ብዬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የማስታውሰው እስከዚያ ድረስ ነው።

«ጨርሰናል እኮ» አሉኝ ወይዘሮ እቴነሽ። ሰዉ ወጥቷል፤ ወንበር እየተሰበሰበ ነው። «አንዴ የአባቴን ምርቃት አሳየኝ። ከታመሙ ወዲህ ከአልጋ የተነሡት ዛሬ ብቻ ነው፤ እንደመረቁ ወዲያው መለስናቸው። ከዚህ በኋላ መነሣታቸውንም እንጃ።»

ካሜራውን ከፍቼ ወደ ኋላ መለስኩት። ለካ እኔ እንቅልፌን ስለጥጥ ሙዚቃ ከፋቹ ትልቁን ስፒከር ገፍቶ ሌንሱ ፊት አቁሞታል። ሁለት ሰዓት ሙሉ የስፒከር ጀርባ። ሽማግሌው ሲመርቁ ድምፃቸው ከስፒከሩ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ «ክፉ አይንካችሁ፣ ልጅ በልጅ ያድርጋችሁ» ይላሉ፣ ሳል ያቋርጣቸዋል፣ እንደገና ይቀጥላሉ። የሚታየው ግን ጥቁር ሣጥን ነው።

ወይዘሮ እቴነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ወንድማቸው በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ ትንሿን ስክሪን አየ፤ ዓይኑን አጠበበ፤ ጠጋ አለ፤ ከዚያ እየተደነቀ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«ጥራቱ ግን!» አለ። «ብሎኖቹ እኮ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ!»