ስለ ተቆጠሩት ዛፎችና ስለ መቅደስ ዳስ የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ዓርብ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጁምዓ መልስ። 9፡00 ሰዓት ሊጀመር ታስቦ 10፡10 ተጀመረ።

ቦታ፦ ሮቢት ዳር፣ በአቶ እሸቴ ግቢ፣ ለእሑድ በተጣለው የሠርግ ዳስ ውስጥ።

የተገኙ፦
1. አቶ እሸቴ ይሁኔ፦ የካርቦን ማኅበራችን ሰብሳቢ፤ የሙሽራዋ አባት
2. አቶ ነጅሙዲን፦ ዕቃ ግዥ
3. ወ/ሮ መይሙና፦ አባል፤ የታሰረችው ፍየል ባለቤት
4. መቅደስ እሸቴ፦ ጸሐፊ፤ ሙሽራዋም እኔው ነኝ

ያልተገኙ፦ ሦስት አባላት። ለዳሱ ቅጠል ሊያመጡ ወጥተዋል። ከሰባት አራት ስለተገኘን ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የነገው ቆጠራ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ ተራራው ላይ ያሳደግናቸው ሦስት መቶ ዛፎች ሳይቆረጡ ከቆሙ፣ የያዙት ካርቦን ተሰልቶ ባሕር ማዶ ያለ ጭስ የሚያበዛ ድርጅት ይከፍለናል። በክፍያውም የመስኖ ፓምፕ ይገዛል። ባለሙያው ሄኖክ ነገ ጠዋት ከቆቦ መጥቶ አንድ በአንድ ይቆጥራል።

ወ/ሮ መይሙና እጃቸውን ሳያወጡ "ታዲያ ተራራ ምን አስወጣው፣ እዚሁ ይቁጠራ!" አሉ። ቀና ስንል በዳሱ ቋሚዎች ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ የዛፍ ቁጥር ታየ። ጸሐፊዋ እንድትቆጥር ታዝዛ አርባ አንድ አገኘች። ቁጥር 17 ሙሽሮች ከሚቀመጡበት ጀርባ ነው። እዚህ ላይ የጸሐፊዋ ደም መፍላቱ ይመዝገብልኝ።

ሰብሳቢው "ቀጫጭኑን ብቻ ነው የቆረጥሁት፤ የባሕር ዛፍ ዋጋ እኮ ሰማይ ነክቷል" ሲሉ አስረዱ።

አቶ ነጅሙዲን "አብሽሩ" ካሉ በኋላ፣ ቋሚዎቹ ሳይነጋ ተራራው ላይ ተመልሰው እንዲተከሉ፣ ቅጠልም በሲባጎ እንዲታሰርላቸው ሐሳብ አቀረቡ። ከረዥም ውይይት በኋላ ይኸው ተወሰነ። ሆኖም ጸሐፊዋ "እንግዳው ፀሐይ ላይ ሊሰጣ ነው ወይ? ጠላው ተጠምቋል፤ ሰኞ ደግሞ ነነዌ ይገባል!" ብላ ስላለቀሰች ውሳኔው ተነሣ።

በምትኩ ቋሚዎቹ ተራራው ላይ እንደቆሙ እንዲቆጠሩ፣ የአቶ እሸቴ ግቢ ከዳሱ ጋር ከዛሬ ጀምሮ የተከለለው ተራራ አካል እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጭብጨባም ነበር።

አጀንዳ 2፦ የፍየሏ ጉዳይ

የወ/ሮ መይሙና ፍየል ተራራው ላይ አንዲት ቅርንጫፍ በልታ በሰብሳቢው ትእዛዝ ከታሰረች አራተኛ ቀኗ ነው። የታሰረችውም ቁጥር 17 ላይ ነው። ወ/ሮ መይሙና "ወላሂ እሸቴ፣ ፍየሌ ቅጠል ቀነጠሰች ብለህ አስረህ፣ አንተ ደኑን እንዳለ ለሠርግ ጠራኸው!" አሉ። ቀጥለውም የመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ 4 እንዲነበብ ጠየቁ።

ተነበበ፦ "ወደ ተከለለው ተራራ ሰው፣ ከብትና እሳት አይገባም።"

ግቢው አሁን ተራራ ስለሆነ የሠርጉ እንግዳ፣ ሰንጋውና የወጡ እሳት በሙሉ መከልከላቸው ታወቀ። ስብሰባውም ሕገ ወጥ ሆኖ ተገኘ። ሰብሳቢው ውጡ ስላሉን ደጅ ቆመን ቀጠልን። ፍየሏ ብቻ ውስጥ ቀርታ የዳሱን ቅጠል ትበላ ነበር።

በዚህ መሐል ያልተገኙት ሦስት አባላት ደረሱ። ከቅጠሉ ጋር ቁጥር 88ን እና 89ን ተሸክመው መጥተዋል። ሲጠየቁ "ለበሩ ነው" አሉ።

ጸሐፊዋ ይህን ጊዜ ሳታስፈቅድ ተናገረች። "አባዬ፣ ነገ ሄኖክን የማገኘው እኔ ነኝ። አርባ ሦስት ጎድሏል እለዋለሁ። አገር የጠበቀውን ፓምፕ ዋሽቼበት አላገባም፤ አፍራለሁ!" ሰብሳቢው "አንቺ ልጄ ነሽ ወይስ ጸሐፊ?" ሲሉ ጠየቁ። "እስከ እሑድ ጸሐፊ ነኝ" የሚል መልስ ተሰጣቸው።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ እስካሁን የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ግቢው ግቢ ነው፤ ተራራውም ተራራ። ዳሱ ለእሑድ ባለበት ይቆማል። የፓምፑ ተስፋ በቀሩት ሁለት መቶ ሃምሳ ሰባት ዛፎች ላይ ተጥሏል። በደንባችን አንድ ዛፍ የቆረጠ አሥር ስለሚተክል፣ ከሰኞ ጀምሮ ለክረምቱ ተከላ አራት መቶ ሠላሳ ጉድጓድ ይቆፈራል። አቶ እሸቴ ይቆፍራሉ፤ ሙሽራው በረከትም አማችነቱን በአካፋ ይጀምራል። ፍየሏ ተፈትታለች። ለሠርጉም ተጠርታለች፤ በእንግድነት መሆኑ ይሰመርበት።

ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። "ልጅ ልድር ብዬ ዳኛ ድሬያለሁ" ብለው ፈረሙ።

12፡25 ላይ ተበተንን።

መቅደስ እሸቴ፣ ጸሐፊ